አሮጌ ሁሉ ቅርስ አይደለም፦ የጣሪያ ፋን ከጉለሌ ዛፎች ምን ይማራል?

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ የጣሪያ ፋን የሚያስፈልገው ሰው የለም። ማዕከሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው የተንጣለለው። ነፋሱ በነጻ ይመጣል፤ ጠዋት የሚወጣ ጎብኚ የሚይዘው ጃኬት ነው። ይሁንና «አንድን የቆየ ዕቃ ለመሰብሰብ የሚያበቃው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ መልስ ያለው ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ይልቅ እዚያ ኮረብታ ላይ ነው።

ጥያቄው የቅንጦት ይመስላል። አይደለም። ከተማዋ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አይታ በማታውቀው ፍጥነት ገጽታዋን እየቀየረች ነው። ቤት ሲፈርስ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይበተናል፦ መብራቱ፣ የበር እጀታው፣ ሬዲዮው፣ የልብስ ስፌት መኪናው፣ ፋኑ። ከነዚህ ውስጥ የቱ ቆሻሻ፣ የቱ ዕቃ፣ የቱ ቅርስ እንደሆነ የሚወስነው ማነው? ዛሬ ባለው አሠራር የሚወስነው ሚዛን ነው። ብረቱ በኪሎ፣ መዳቡ በኪሎ።

የጣሪያ ፋንን ለምሳሌነት መውሰድ የሚጠቅመው ማንም ቅርስ ብሎ የማይጠራው ዕቃ በመሆኑ ነው። ስለ ብራና መጽሐፍ ወይም ስለ መስቀል ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ሃምሳ ዓመት ሲዞር ማንም ቀና ብሎ ያላየው ነገር ላይ ነው።

▪️ ቪንቴጅ ምን ማለት ነው?

የኤሌክትሪክ የጣሪያ ፋን ልደቱ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው። ፊሊፕ ዲል የተባለው ጀርመን ተወላጅ መሐንዲስ ለሲንገር የልብስ ስፌት መኪና ሞተር ይሠራ ነበር፤ ያንኑ ሞተር ቢላዎች ገጥሞለት ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ከዚያ በፊት የጣሪያ ፋኖች የሚዞሩት በውኃ ኃይልና በረጅም ቀበቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የጣሊያኑ ማሬሊ፣ እንግሊዞችና ጃፓኖች፣ በኋላም የሕንድና የፓኪስታን ፋብሪካዎች ሙቅ አገሮችን በሙሉ በፋን ሞሉ።

ዛሬ እነዚህን ፋኖች የሚሰበስቡ ሰዎች በብዙ አገሮች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ማኅበር አላቸው፣ ሙዚየምም አቋቁመዋል። ለውጭ ተመልካች እብደት ይመስላል፤ ሥራቸውን ጠጋ ብሎ ላየ ግን ሥርዓት አለው። ሰብሳቢው አንድ ፋን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ውበቱን አይደለም። የስም ሰሌዳውን ይፈልጋል፦ የማን ሥራ ነው? የሞዴል ቁጥሩ ስንት ነው? በስንት ቮልት ይሠራል? ለቀጥተኛ ወይስ ለተለዋዋጭ ጅረት ነው የተሠራው? ከዚያ አካሉን ያያል። የሞተሩ ሽፋን ከባድ ቅልጥ ብረት ነው ወይስ ስስ ላሜራ? ቢላዎቹ እንጨት ናቸው፣ ናስ ናቸው፣ ወይስ ቆርቆሮ? ዘይት የሚጨመርበት ጎድጓዳ አለው ወይስ የታሸገ ኩሽኔታ? ግድግዳ ላይ ያለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ በውስጡ የተጠመጠመ የመከላከያ ሽቦ ያለው የድሮው ሳጥን ነው ወይስ የአሁኑ ትንሽ ቁልፍ? ቀለሙ የፋብሪካው ነው ወይስ በኋላ የተቀባ?

እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይመራሉ፦ መቼ፣ የት፣ በማን ተሠራ?

ቃሉ ራሱ ይህን ይናገራል። «ቪንቴጅ» ብዙ ሰው እንደሚያስበው «አሮጌ» ማለት አይደለም። ከወይን መልቀም የመጣ ቃል ነው፤ አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ የየትኛው ዓመት አዝመራ እንደሆነ የሚገልጽ ነው። የቅርብ ጊዜ ወይንም ቪንቴጅ አለው። ዓመቱ ያልታወቀ ወይን ግን መቶ ዓመት ቢሞላውም ቪንቴጅ የለውም። ከጠርሙስ ወደ መኪና፣ ወደ ልብስና ወደ ፋን ሲሻገር ቃሉ «የቆየ» የሚል ትርጉም ደረበ እንጂ መሠረቱ ያው ነው፦ ልደቱ የታወቀ።

ዕድሜው ስንት መሆን አለበት ለሚለው ስምምነት እንጂ ሕገ ተፈጥሮ የለም። የአሜሪካ ጉምሩክ «አንቲክ» ብሎ ከቀረጥ ነጻ የሚያስገባው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከ1830 በፊት የተሠራውን ብቻ ነበር፤ በ1966 ግን መስፈርቱን ወደ መቶ ዓመት ቀየረው። የዩኔስኮ የ1970 ስምምነትም የቤት ዕቃን በባህላዊ ንብረትነት የሚቆጥረው መቶ ዓመት ካለፈው ነው። ሰብሳቢዎች መቶ ያልሞላውን፣ ግን የአንድ ዘመን መልክ የያዘውን ቪንቴጅ ይሉታል። መስመሩን ሰው ነው ያሰመረው፤ ሰው ያንቀሳቅሰዋል።

▪️ ኢትዮጵያ መስመሩን የት አሰመረች?

ኢትዮጵያም መስመር አስምራ ታውቃለች። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 ጥንታዊ ቅርስ ያለው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከ1850 በኋላ ማለት ከመቅደላ በኋላ፣ ከዓድዋ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ መቆርቆር በኋላ ማለት ነው። በዚያ መስፈርት አዲስ አበባ ራሷ አንድም ጥንታዊ ነገር ያልሠራች ከተማ ነበረች። ባቡሩ፣ ስልኩ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ የመጀመሪያዎቹ ሆቴሎች፣ ሁሉም ከበሩ ውጭ ቀሩ።

አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተሻለ ነው። ቅርስን በዓመተ ምሕረት አያጥርም፤ የሚጠይቀው የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ ሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊ ወይም የጥበብ ዋጋ እንዳለው ነው። ግለሰብ የቅርስ ባለቤት መሆን እንደሚችልም ይቀበላል፤ ቅርሶች እንዲመዘገቡም ያዝዛል። በወረቀት ላይ አንድ የጣሪያ ፋን በዚህ በር ሊገባ ይችላል።

በተግባር ግን አሮጌው መስመር በሰው አእምሮ ውስጥ አልተሰረዘም። ቅርስ ሲባል የሚታሰበው ሐውልት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ብራና፣ ዘውድ ነው። የባቡር ጣቢያ ወንበር፣ የሲኒማ ቤት ማሳያ ማሽን፣ የሆቴል ፋን «ዕቃ» ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ በፋን ጉዳይ አባባሉ ቃል በቃል እውነት ነው። ዕቃው የሚቆጠረው እንደ መዳብ ነው።

▪️ ፋኑ የት ነው ያለው?

አዲስ አበባ የፋን ከተማ አይደለችም። የኢትዮጵያ የፋን ታሪክ የሚጀምረው ከደጋ ሲወረድ ነው፦ ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ። ከሁሉም ይበልጥ ድሬዳዋ። ከተማዋ የባቡሩ ልጅ ናት። ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 መሠራት የጀመረው ሐዲድ በ1902 እዚያ ሲደርስ ተወለደች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ በ1917 ነው። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትገኝ ሙቅ ከተማ ፋን ቅንጦት ሊሆን አይችልም። ቢሮ፣ ሆቴል፣ ሻይ ቤት፣ መኝታ ቤት ያለ እሱ አይሆንም። ሙቀት በሌሊት እንቅልፍ የነሳው ሰው የፋኑን ድምፅ ከማንኛውም ሙዚቃ ለይቶ ያውቀዋል።

ስለዚህ የአንድ ድሬዳዋ ቤት ፋን የሚነግረው ስለ አየር ብቻ አይደለም። የጣሊያን ሥራ ከሆነ ስለ አንድ ዘመን ይናገራል፤ የሕንድ ከሆነ ስለ ሌላ የንግድ መስመር፤ የቻይና ከሆነ ስለ ዛሬው። ቮልቱ ስለ ከተማዋ የመብራት ኃይል ይናገራል። ሦስት ጊዜ የተቀባ ቀለም፣ ሁለት ጊዜ እንደገና የተጠመጠመ ሞተር ስለ ጠጋኙ እጅ ይመሰክራል። የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ፣ የሽቦውን ውፍረትና ዙር ቆጥሮ፣ መልሶ የሚጠመጥም ባለሙያ ያለ ዩኒቨርሲቲ የተላለፈ ዕውቀት ተሸካሚ ነው። ዕቃው ሲጠፋ ያ ዕውቀት ማስረጃ ያጣል።

የሚጠፋውም እንዲህ ነው። ቤቱ ይታደሳል ወይም ይፈርሳል። ፋኑ ይወርዳል። ቆራሌው ይመጣል። ዕቃው ምናለሽ ተራን ወደመሰለ ቦታ ይሄዳል። እዚያ ያሉት ሰዎች ጥፋተኞች አይደሉም፤ እንዲያውም አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃን ከመጣል የሚያድን ተቋም ቢኖር መርካቶ ነው። ግን ምናለሽ ተራ ብረቱን እንጂ ልደቱን አያድንም። ከየትኛው ቤት መጣ? ማን ሰቀለው? መቼ? ይህ መረጃ የሚጠፋው ዕቃው ከጣሪያ በወረደበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ አፍቃሪ ገዝቶ ቢያጸዳውም የሚያጸዳው የተቆረጠ ታሪክ ነው።

▪️ ኮረብታው የሚያስተምረው

አሁን ወደ ጉለሌ። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመ፣ በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ከ700 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ቦታ ነው። ጽድ፣ ኮሶ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ አስታ ይገኙበታል። በዳይሬክተርነት ካገለገሉት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው፤ ወደ 30 ዓመት የፈጀውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል ከመሩት ሊቃውንት የሚቆጠሩ።

ከማዕከሉ አጥር ውጭም ዛፍ አለ። እንጦጦ ሙሉ ዛፍ ነው። ታዲያ የእጽዋት ማዕከልን ከጫካ የሚለየው ምንድን ነው? መልሱ አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ መዝገብ። በየትኛውም የእጽዋት ማዕከል ሥርዓት አንድ ተክል «ስብስብ» የሚሆነው መለያ ቁጥር ሲኖረው፣ ዘሩ ወይም ችግኙ ከየት ቦታ፣ በስንት ከፍታ፣ በምን ቀን፣ በማን እጅ እንደመጣ ሲጻፍ ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለው ብሔራዊ ኸርባሪየም የደረቀ ቅጠል ወረቀት ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ጥግ ላይ ደግሞ መለያ ጽሑፍ አለ። ያ ጽሑፍ ቢገነጠል ቅጠሉ ቅጠል ብቻ ይሆናል። ለሳይንስ ዋጋ የለውም።

የዘር ባንክ ሰዎች ይህን መረጃ «ፓስፖርት» ይሉታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 የዘር ባንክ ስታቋቁም በአፍሪካ ከቀደሙት አንዷ ነበረች። በ1980ዎቹ ድርቅ ወቅት ገበሬው የዘር እህሉን ሳይቀር ለመብላት በተገደደበት ጊዜ ዶ/ር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው የአገር ዝርያዎች ሳይጠፉ ለመሰብሰብ በየገጠሩ ወጡ። ለዚህ ሥራቸው በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። ያኔ ያደረጉት ዘር መልቀም ብቻ አልነበረም፤ ከነፓስፖርቱ ነው የሰበሰቡት። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ድርቅ የሚቋቋም ማሽላ ሲፈልግ ወደ ትክክለኛው ከረጢት የሚመራው ያ ወረቀት ነው።

ስለዚህ «ኢትዮጵያ የመሰብሰብ ባህል የላትም» የሚለው ተደጋጋሚ ወቀሳ ትክክል አይደለም። አላት። ዘርን፣ ቅጠልን፣ ብራናን እንዴት እንደሚሰበስቡ የሚያውቁ ሰዎች አሏት። ይህ ልማድ ወደ ቤት ዕቃና ወደ ማሽን አልተሻገረም፤ ያ ነው ችግሩ።

▪️ ባሕር ዛፍና ፋን

ጉለሌ ሁለተኛም ትምህርት አለው፤ ይኸኛው ለሰብሳቢዎች ትንሽ ይመራል።

ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው ወደ ኢትዮጵያ የገባው። ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ይናገራል። የማገዶ እጥረት ያስጨነቃትን አዲስ አበባን ያቆመው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከኤሌክትሪክ ፋን ጋር የአንድ ዘመን ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም የውጭ፣ ሁለቱም ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ያላቸው። በዕድሜ ብቻ ከተሄደ ባሕር ዛፍ ከማንም በፊት «ቪንቴጅ» መባል ነበረበት።

ማዕከሉ ግን ኮረብታውን ሸፍኖት የነበረውን ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ ይሠራል። ይህ ለባሕር ዛፍ ጥላቻ አይደለም፤ ምርጫ ነው። ባሕር ዛፍ በየትም አለ፤ አይጠፋም። የሚጠፋው ሌላው ነው። ስብስብ የሚጀምረው «የትኛው ነው ነገ የማይገኘው?» ከሚል ጥያቄ ነው።

ለፋንም ሕጉ ይኸው ነው። በየቤቱ በሺዎች የሚገኝ፣ ዛሬም የሚመረት ተመሳሳይ ፋን ሰላሳ ዓመት ስለሞላው ብቻ መሰብሰብ የለበትም። አንዱን ከነመዝገቡ ማስቀመጥ ይበቃል። የተለየ ሞዴል፣ ከተለየ ቦታ፣ የተለየ ሥራ የሠራ ግን ሌላ ነው። አሮጌን ሁሉ የሚያከማች ሰው ሰብሳቢ ሳይሆን መጋዘን ነው። አሮጌ የሚመስለውን ሁሉ የሚገዛ ደግሞ ከዚህ የባሰ ይጎዳል፤ ገበያው የሚከፍለው ለመልክ ብቻ ከሆነ፣ ሻጩ ትናንት የተሠራውን በጭስና በዝገት ማስረጀት ይማራል። በሥዕልና በመስቀል ገበያ ይህ የታወቀ ነው። ከማስመሰል የሚጠብቀው አጥር እዚህም መዝገብ ነው።

▪️ «ሕዝቡ ቤት ሲያጣ ስለ ፋን?»

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፤ መናቅ የለበትም። ቤቱ የፈረሰበት ሰው የሚያስበው ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤትና ስለ አዲሱ ሰፈር ትራንስፖርት ነው። ለእሱ አሮጌ ፋን በኪሎ የሚያስገኘው ገንዘብ እውነተኛ ገንዘብ ነው። ያንን ገንዘብ አትውሰድ ማለት ጥጋብ ነው።

የቴክኒክ ተቃውሞም አለ። የድሮ ፋን መብራት ይበላል። የተለመደው የኢንዳክሽን ሞተር ፋን ከ70 እስከ 80 ዋት ሲወስድ፣ ብሩሽ አልባ ሞተር ያለው አዲሱ ከ35 ዋት አይበልጥም። የጨርቅ ሽፋን ያለው አሮጌ ሽቦ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ያረጀ ማንጠልጠያም ይወድቃል። ስለዚህ የድሮውን ፋን «ለውበት» ብሎ ዛሬ ምግብ ቤት ጣሪያ ላይ መስቀል፣ ሽቦውና ማንጠልጠያው በባለሙያ ካልታየ፣ ጥፋት ነው።

ሁለቱም ተቃውሞዎች ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ግን የሚቃወሙት ማንም ያልጠየቀውን ነገር ነው። ጥያቄው ሁሉንም ዕቃ አስቀምጡ፣ ሁሉንም ፋን አዙሩ አይደለም። ጥያቄው ከመውረዱ በፊት ይጻፍ ነው። የስም ሰሌዳው ፎቶ፣ የተሰቀለበት ክፍል ፎቶ፣ የቤቱ አድራሻ፣ የባለቤቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር። አንድ ስልክ የያዘ ወጣት በአሥር ደቂቃ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ዕቃው ወደ ምናለሽ ተራ ቢሄድም መረጃው ተርፏል። ከመቶ አንዱ ብቻ ወደ ሙዚየም ቢገባ ደግሞ ከነፓስፖርቱ ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በርካታ የቆዩ ቤቶች ሲፈርሱ ክርክሩ ሁሉ ያተኮረው ግድግዳው ላይ ነበር፦ ይህ ሕንፃ በቅርስነት ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም? ክርክሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ግድግዳው ላይ ሲከራከሩ ውስጡ ባዶ ሆነ። ስለ ሕንፃው ፎቶና ካርታ ይገኝ ይሆናል፤ ሰው በውስጡ እንዴት ይኖር እንደነበር የሚናገረው ዕቃ ግን በየፌስታሉ ወጥቷል።

ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የተገነባው እንደ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ባሉ ሰዎች ትጋት ነው። ከመስቀልና ከሥዕል ጎን የቤት ዕቃ፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ጌጥ ሰበሰቡ። ያኔ በየቤቱ የሚገኝ ተራ ነገር ነበር፤ ዛሬ ብዙው ሌላ ቦታ አይታይም። የዚያ ትውልድ ተራ ዕቃ ሞሰብና ገንቦ ነበር። የሚቀጥለው ትውልድ ተራ ዕቃ ፋን፣ ሬዲዮ፣ የቴፕ ክር፣ የልብስ ስፌት መኪና ነው። የሰብሳቢው ዓይን እስካሁን እዚህ አልደረሰም።

▪️ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የማንኛውም የቆየ ቤት የማፍረስ ሂደት አንድ ገጽ ቅጽ ይጨመርበት። ቤቱን የሚለካ ባለሙያ ከገባ ውስጡንም ፎቶ ሊያነሳ ይችላል። የቅርስ ባለሥልጣኑ ቅጹን ያዘጋጅ፤ ክፍለ ከተማው ይሙላው፤ ዩኒቨርሲቲው ያስቀምጠው። ጉለሌ ላይ ከተማው መሬቱን፣ ዩኒቨርሲቲው ዕውቀቱን ይዞ መተባበር ከቻለ በዕቃ ላይ የማይችልበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፣ የግል ሰብሳቢዎች ከመደበቅ ይውጡ። ብዙዎቹ ስብስባቸውን የሚሸሽጉት ይወሰድብናል ብለው ነው። አዋጁ የግል ባለቤትነትን ይቀበላል፤ ባለሥልጣኑ ደግሞ ይህን በግልጽ ቋንቋ ደጋግሞ ይንገራቸው። ሰብሳቢውም በበኩሉ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ አንድ ወረቀት ይሰር፦ ከየት፣ መቼ፣ ከማን፣ ምን ተጠግኖ። ያለዚያ ወረቀት እሱ ሲሞት ልጆቹ ቆራሌው ይጠራሉ።

ሦስተኛ፣ ጠጋኞቹ ይጠየቁ። ሞተር የሚጠመጥሙ፣ ሬዲዮ የሚጠግኑ አረጋውያን የየትኛው ዘመን የትኛው ፋብሪካ ሥራ እንደሆነ በእጃቸው ዳስሰው ያውቃሉ። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ ከኢንተርኔት ይገለብጣሉ፤ እዚህ ማንም ያልነካው ርዕስ አለ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ጉለሌ ላይ አንዲት የኮሶ ችግኝ ስምና ቁጥር ያገኘችው ትልቅ ስለሆነች ወይም ስላረጀች አይደለም፤ አንድ ሰው ከየት እንደመጣች ስለጻፈላት ነው። ለፋኑም፣ ለሬዲዮውም፣ ለፈረሰው ቤት በር እጀታም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ዘንድሮ ያልተጻፈውን የዛሬ ሃምሳ ዓመት በየትኛውም ገንዘብ ገዝቶ ማስጻፍ አይቻልም።